«ዌይቭ» የምትል ቃል ካያችሁ

ደብረ ብርሃን፣ ብርዱን ሸሽቼ የገባሁበት ኢንተርኔት ቤት አንድ ልጅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ይሞላል። «ጋሼ፣ ክፍያው ‹ዌይቭድ› ይላል፤ ስንት ልክፈል?» አለኝ። ምንም! ቀርቶልሃል ማለት ነው።

ዌይቭ (waive) የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ የራስን መብት ወይም የሚገባን ክፍያ ወዶ መተው ማለት ነው። እጅ ከማውለብለቡ ዌይቭ (wave) ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን መሃሉ ላይ «አይ» የምትባል ፊደል አለችው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚተወው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ክፍያን ዌይቭ የሚያደርገው ተቀባዩ ነው። እናንተ «ክፍያውን ዌይቭ አድርጌያለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ መንዝ ገበያ ባና ሊገዛ ሄዶ ሻጩን «ዋጋውን ትቼልሃለሁ» እንደሚል ሰው ናችሁ። እናንተ የምትጠይቁት «ዌይቨር» ነው፤ ክፍያው እንዲቀርላችሁ ማለት ነው።

መብት ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ የምትተዉት እናንተ ናችሁ። የአሜሪካ ማመልከቻዎች ላይ መምህራችሁ የጻፈላችሁን የድጋፍ ደብዳቤ የማየት መብታችሁን ዌይቭ ታደርጉ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። አዎ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን ልይ ማለት የለም። ብዙ አመልካች አዎ ይላል፤ ደብዳቤው ይበልጥ ይታመናል ብሎ።