የሴንሰር ንባብ ከዜሮ ሲሸሽ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሴንሰሩ ምንም ሳይለካ ሁሌ ያቺኑ ትንሽ ቮልቴጅ ካሳየ ኦፍሴት አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ኮዱ ውስጥ ገብቶ ቁጥሯን ይቀንሳታል። ከየት እንደመጣች ሳይጣራ መቀነስ ግን የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ነገ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ትለወጣለች፣ ያኔ የቀነሳችሁት ቁጥር ራሱ ሌላ ስህተት ይጨምራል።

በብዛት የሚያሳስተው ግራውንድ (ከረንቱ ወደ ፓወር ሰፕላዩ የሚመለስበት መስመር) ነው። የሴንሰሩና የሞተሩ መመለሻ በአንድ ቀጭን ጃምፐር ሽቦ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሽቦ ደግሞ ሬዚስታንስ አለው፣ ሽቦው የሚሰካበት ብሬድቦርድ ውስጥ ያለው መያዣም እንደዚሁ። ሁለቱ አንድ ላይ 0.05 ኦም ቢሆኑና ሞተሩ 500 ሚሊአምፒር ቢስብ፣ እዚያው መንገድ ላይ 25 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ስለሆነ ንባቡ በ2.5 ዲግሪ ተሳሳተ ማለት ነው፤ ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም። ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ የሴንሰሩ ግራውንድ እግር ላይ፣ ሌላውን ሴንሰሩን በሚያነበው የአርዱይኖ ቦርድ ግራውንድ ላይ ያዙና ሞተሩን አስነሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ተገኘ። የሞተሩን መመለሻ ለብቻው እስከ ፓወር ሰፕላዩ ውሰዱት፣ ከሴንሰሩ ጋር እዚያ ብቻ ይገናኙ።

ሌላው አማካይ ላይ መተማመን ነው። አማካይ የሚዘለውን ንባብ ያረጋጋል እንጂ ኦፍሴትን አይነካም። ሺህ ጊዜ ብታነቡ ሺውም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳሳቱ ናቸው።

ኦፕ-አምፕ (ትንሽ ቮልቴጅን የሚያጎላ ቺፕ) ሲመረጥ ዋጋውን ብቻ ማየትም ያስቸግራል። ኤልኤም358 በየቦታው ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሥራም ይበቃል። ለቴርሞካፕል (በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ሙቀት ለሚለካ ሴንሰር) ግን አይሆንም፦ የራሱ ኦፍሴት 2 ሚሊቮልት አካባቢ ሲሆን፣ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል በአንድ ዲግሪ የሚሰጠው ወደ 41 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋ ስህተት! ጌይኑን (የማጉያ መጠኑን) ብትጨምሩ ኦፍሴቱም አብሮ ያድጋል። እዚህ ላይ ራሱን ዜሮ የሚያደርግ አምፕሊፋየር መግዛት ያዋጣል።

ኤሲኤስ712 የተባለውን የከረንት ሴንሰር የምትጠቀሙ ደግሞ ኮዱ ላይ "ዜሮው 2.5 ቮልት ነው" ብላችሁ አትጻፉ። ዜሮው፣ ማለትም ምንም ከረንት ሳያልፍ የሚሰጠው ቮልቴጅ፣ የሰፕላዩ ግማሽ ነው። ዩኤስቢው 4.8 ቮልት ብቻ ከሰጠ ዜሮው 2.4 ይሆናል። የአርዱይኖው ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) በዚያው ሰፕላይ ላይ ስለሚመዝን ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ፣ ችግር የለም። እንደ ኤዲኤስ1115 የራሱ ቋሚ ሪፈረንስ (ማነጻጸሪያ ቮልቴጅ) ባለው ኤዲሲ ስታነቡ ግን ያቺ 0.1 ቮልት በ5 አምፒሩ ሞጁል ከግማሽ አምፒር በላይ ሆና ትመጣለች። ሰፕላዩንም በሌላው ቻናል አንብቡና ለሁለት ከፍላችሁ ተጠቀሙ።