በንግድ ሕንፃዎች የስፕሪንክለር ጥገና ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ከሚገኙ ባለ ብዙ ወለል የንግድ ሕንፃዎች አንዳንዶቹ እሳት ሲነሣ ከኮርኒስ ላይ ራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ፣ ማለትም ስፕሪንክለር፣ ተገጥሞላቸዋል። መሣሪያው ለዓመታት ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ብልሽቱ እንደ አሳንሰር ወይም እንደ መብራት ወዲያው አይታወቅም፤ ሰው የሚያውቀው እሳቱ በተነሣበት ሰዓት ነው። በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ በተሠራችው ደሴ የእሳት አደጋ መኪና ጠባቡንና ዳገታማውን መንገድ አልፎ እስኪደርስ ድረስ ሕንፃው በራሱ መሣሪያ መቆየት ስላለበት፣ ጥገናው ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ መተው ነው። አንዳንድ ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ለመጠገን ይዘጋውና ሳይከፍተው ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባለ ንብረቱ ራሱ «በትንሽ ጭስ ሁሉም መርጫ ተከፍቶ ዕቃዬን ያበላሽብኛል» ብሎ ሆን ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በተለመደው፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ በያዘ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ መርጫ የሚከፈተው ለብቻው ነው፤ የሚከፍተውም ጭስ ሳይሆን ሙቀት ነው። በመርጫው ላይ ያለችው ትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ የያዘች ስትሆን፣ ቀይ ከሆነች በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ትሰበራለች፤ ስለዚህ የሚረጩት ከእሳቱ በላይ ያሉት ጥቂት መርጫዎች ብቻ ናቸው። ቫልቩ ክፍት ሆኖ በሰንሰለት ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሕንፃው አስተዳዳሪ እጅ ይሁን፤ የተቆለፈውን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በማኅተም ብቻ የታሸገውን ደግሞ በየሳምንቱ መመልከት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ፦ ከቫልቩ በላይ ያለው የግፊት መለኪያ ጌጅ ቫልቩ ተዘግቶም ቢሆን በቧንቧው ውስጥ የታሰረውን ግፊት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጌጁን አይቶ ብቻ «ይሠራል» ማለት አይቻልም።

ይህን ለማረጋገጥ የሚሆነው የማፍሰሻ ሙከራ ነው፤ እርሱንም አለማድረግ ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በመጀመሪያ ውሃው ቆሞ ሳለ ጌጁ ይነበባል፣ ከዚያ ዋናው የማፍሰሻ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ውሃው እየፈሰሰ ሳለ እንደገና ይነበባል፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይመዘገባሉ። የዘንድሮው የፍሰት ግፊት ካለፈው ዓመት በጉልህ ዝቅ ካለ፣ በከፊል የተዘጋ ቫልቭ ወይም የታነቀ ቧንቧ እንዳለ ይጠቁማል። ሙከራው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ቫልቭ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር መደረግ አለበት።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት በአካባቢያችን ሁኔታ የሚብሰው የውሃ ጉዳይ ነው። የከተማው ውሃ ሲቋረጥ የሕንፃው ተከራዮች ለመጸዳጃና ለጽዳት ከሮቶው ይቀዳሉ፤ ሮቶው ለእሳትም ለዕለት ፍጆታም አንድ ከሆነ፣ ችግሩ በመጣ ቀን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንድ የተለመደ መርጫ በ1 ባር ግፊት በደቂቃ 80 ሊትር ያህል ይረጫል። አራት መርጫዎች ለአንድ ሰዓት ቢሠሩ የሚጠይቁት 19,200 ሊትር ሲሆን፣ ይህም ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። መፍትሔው የዕለት ፍጆታው ቧንቧ ከሮቶው ግርጌ ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ለእሳት የተቀመጠውን ውሃ ማንም ሊጨርሰው አይችልም። ግፊትንም አስቡ፦ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚያጣ፣ በምድር ቤቱ የሚበቃው ግፊት ለላይኛው ወለል ላይበቃ ይችላል።

ውሃውን በግፊት ወደ መርጫዎቹ የሚገፋውን ፓምፕ በእጅ ማስነሻ ላይ አድርጎ መተውም ይታያል፤ ሁልጊዜ በአውቶማቲክ ላይ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢያንስ በየወሩ ለ10 ደቂቃ፣ የናፍጣ ፓምፕ ደግሞ በየሳምንቱ ለ30 ደቂቃ እንዲሠራ ተደርጎ ይፈተሻል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ጀነሬተሩ ለፓምፑም ኃይል የሚሰጥ መሆኑ በሙከራ ይረጋገጥ፤ ለመብራትና ለአሳንሰር ብቻ ተያይዞ ፓምፑ የተረሳበት ሕንፃ እሳት መከላከያ አለው ለማለት ይከብዳል።

መርጫዎቹን በተመለከተ፣ ኮርኒስ ሲቀባ አብረው መቀባታቸው የተለመደ ጥፋት ነው። ቀለም የነካው መርጫ ተፍቆ አይጸዳም፣ በአዲስ ይተካል። በኮምቦልቻ የዱቄትና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች መርጫ ላይ የሚጋገረው ብናኝ ግን መርጫው ሳይነካ በአየር ግፊት ሊነሣ ይችላል። ገመድ፣ ጌጣጌጥ ወይም ልብስ በመርጫውም ሆነ በቧንቧው ላይ አይሰቀል። በመጋዘን የሚደረደረው ዕቃ ከመርጫው በታች ቢያንስ 46 ሴንቲሜትር ክፍተት ሊተው ይገባል፤ ጆንያው ወይም ካርቶኑ ወደ ኮርኒሱ ከተጠጋ ውሃው ሊሰራጭ አይችልም።

የተከራይ ለውጥም ያልታሰበ ስህተት ያመጣል። አንድ ሰፊ ሱቅ በፓርቲሽን ሁለት ሲሆን መርጫው በአንዱ ክፍል ብቻ ይቀርና ሌላው ጥበቃ ያጣል። ሱቁ ወደ ምግብ ቤት ከተለወጠና ምጣድ የሚጣድበት ክፍል ከተሠራ ደግሞ፣ በኮርኒሱ ሥር ያለው ሙቀት በሥራ ሰዓት ለቀይ ብልቃጥ ከሚፈቀደው 38 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ቀይ ብልቃጥ ያለው መርጫ ያለ እሳት ሊከፈት ይችላል። በዚያ ቦታ በ79 ዲግሪ የሚከፈተው ቢጫ ወይም በ93 ዲግሪ የሚከፈተው አረንጓዴ ይገባል።

መለዋወጫ አለማስቀመጥ የመጨረሻው ነው። ከ300 ያልበለጠ መርጫ ያለው ሕንፃ ከተገጠሙት ዓይነቶች ቢያንስ 6 መለዋወጫ መርጫዎችንና ልዩ መፍቻቸውን በሣጥን አድርጎ ከዋናው ቫልቭ አጠገብ ይይዛል። የወደቀ ወይም ከቦታው የተነቀለ መርጫ ደህና ቢመስልም መልሶ አይገጠምም። መርጫው በሚቀየርበት ጊዜ ውሃው ስለሚዘጋ፣ ቫልቩ የተዘጋበትና የሚከፈትበት ሰዓት ለቀንና ለሌሊት ጥበቃዎች በጽሑፍ ይሰጥ፤ እስኪከፈትም ድረስ አንድ ሰው ወለሎቹን እየዞረ ይጠብቅ።