ዓሣውን ጠርሙስ ውስጥ የሚያስገባ መጫወቻ በህትመት እንዴት እንደሚሰራ

አንድ ክብ ካርቶን፣ በአንዱ ገጹ ዓሣ፣ በሌላው ባዶ ጠርሙስ። በክር ስታሽከረክሩት ዓሣው ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ይታያል። መጫወቻው ታውማትሮፕ ይባላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የታወቀ ነው። አንዱ ምስል ከዓይናችን ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደርስ ሁለቱን አንድ ላይ እናያቸዋለን።

በእጅ መሳልም ይቻላል። እኔ ግን ህትመቱን እመርጣለሁ፤ ማተሚያው፣ ማለትም ቀለም ተቀብቶ ወረቀት የሚጫንበት የካርቶን ቅርጽ፣ አንዴ ከተሰራ ያው ዓሣ ደጋግሞ ይወጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላ ማተም ነው።

መጀመሪያ ለዓሣውና ለጠርሙሱ ማተሚያ ከወፍራም ካርቶን 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች ቁረጡ። የዓሣ ቅርጽ ቆርጣችሁ በአንዱ መሃል ለጥፉ። በሁለተኛው ላይ የጠርሙሱን ዳር ዳር በቀጫጭን የካርቶን ቁራጮች ስሩ፤ ዓሣው በደንብ እንዲገባበት ሰፋ ይበል። ከላይ ኮላ ቀቡና ይድረቅ። አለዚያ ካርቶኑ ቀለሙን ይጠጣል። ህትመት ምስሉን ግራና ቀኝ ስለሚያዞር፣ ዓሣው ወደ ቀኝ እንዲያይ ከፈለጋችሁ ማተሚያው ላይ ወደ ግራ ይመልከት።

ወፈር ያለ ጥቁር ቀለም፣ ለምሳሌ አክሪሊክ፣ በሮለር ስስ አድርጋችሁ ቅርጹ ላይ ቀቡ። ነጭ ወረቀት አልብሳችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት። ቀለም ከበዛ ጠርዙ ይጨማለቃል። ጥቁር ይሁን የምለው በምክንያት ነው፤ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ምስል ከሌላው ገጽ ነጭ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚፈዝ፣ ደብዛዛ ቀለም ጭራሽ አይታይም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አቀማመጡ። ህትመቶቹ ሲደርቁ በክብ ቁረጧቸው። ዓሣውን አዲስ ክብ ካርቶን ላይ ለጥፉ። ጠርሙሱን ከኋላ የምትለጥፉት ግን ተዘቅዝቆ ነው፣ አፉ ወደ ታች። ኮላው ሳይደርቅ ፈትሹት፦ ክቡን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ገልብጡት። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ከዚያ ከግራና ከቀኝ ዳር፣ ትክክል ፊት ለፊት፣ ሁለት ቀዳዳ ብሱ። በእያንዳንዱ 20 ሳንቲሜትር ያህል ክር እሰሩ። ክሮቹን በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ በጣቶቻችሁ መካከል እያሻችሁ አሽከርክሩ። ዓሣውና ጠርሙሱ ተንጋደው ከታዩ አንደኛው ቀዳዳ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ አጠገቡ ሌላ ብሱ።

የጠርሙሱን ማተሚያ እንዳትጥሉት። በዓሣው ቦታ አበባ ማስገባት ስትፈልጉ አዲስ የምትሰሩት የአበባውን ማተሚያ ብቻ ነው።