የመኪናችሁን ኦክስጅን ሴንሰር ግቢ ውስጥ እንዴት ትቀይራላችሁ?

ቢጫዋ የቼክ ኢንጅን መብራት በርታ አልጠፋም ካለች፣ ቤንዚን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ካስቸገራችሁ፣ ጋራዥ ሄዳችሁ ከምትሰሟቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሴንሰሩ ምንም ሳይሆን፣ ሌላ ቦታ ያለ ችግር አይቶ ስለተናገረ ብቻ ተነቅሎ ይጣላል። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምነዳው ደግሞ አሮጌ ቪትዝ። አንድ ጋራዥ ሴንሰር ቀይሮልኝ፣ ከፍዬ ወጥቼ፣ መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። በኋላ ራሴ ሳየው ኮዱ (የሞተሩ ኮምፒውተር የሚመዘግበው የችግር ቁጥር) የሚናገረው ስለ ፊተኛው ሴንሰር ነው፤ እነሱ የቀየሩት ግን ኋለኛውን። በጣም ነው ያናደደኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ግቢያችን ፓርኪንግ ውስጥ ራሴ ቀየርኩት፣ ከአንድ ሰዓት በታች ፈጀብኝ።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለንን መኪና ይዘን መቆየታችን ነው። ትንንሹን ጥገና ማወቅ አሁን በጣም ይጠቅማል።

እቃው ምን እንደሚሰራ ማወቅ ግማሹ ስራ ነው። ኦክስጅን ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ የሚጠመድ፣ ወፈር ያለ ካንዴላ የሚመስል፣ ከጀርባው ገመድ የሚወጣለት ነገር ነው። ጫፉ ጭሱ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ያለው ሴራሚክ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ከውጪው አየር ጋር እያነጻጸረ ትንሽ ቮልት ይሰጣል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን እያየ የሚረጨውን ቤንዚን ይመጥናል። እስኪግል ድረስ ግን ሴንሰሩ ዕውር ነው፤ ኮምፒውተሩም በግምት ነው የሚረጨው። ለዚህ ነው ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተቀመጠለት። ማሞቂያው ከተቃጠለ ሴንሰሩ የሚግለው በጭሱ ሙቀት ብቻ ነው። እንደኔ ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለገሃር እየተንፏቀቀ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ለመጋል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያ ቤንዚኑ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ሴንሰሩ ላይ እንዳታላክኩ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየር ግፊቱም ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ትንሽ ሞተር ያለው መኪና በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቢደክመው አይግረማችሁ፣ ሴንሰር ብትቀይሩ አይድንም።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ኮዱን አንብቡ። ብሉቱዝ ያላት ኢኤልኤም 327 የምትባል ማንበቢያ አለች፣ መሪው ስር ያለው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በስልክ ታነባላችሁ። ለጃፓን ገበያ የተሰሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ግን ይቺን እቃ አይቀበሏትም፣ እንዲያ ከሆነ ዲያግኖሲስ የሚሰራ ሰው ጋ ሂዱና ኮዱን ብቻ አስነብቡ፤ ቁጥሩንም በወረቀት አጽፋችሁ ያዙ። ፒ0135 ማለት የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ ችግር ነው። ፒ0141 የኋለኛው ማሞቂያ። ፒ0130 እና ፒ0133 የፊተኛው ሲግናል ጉዳይ ናቸው። «ባንክ 1» የሚባለው አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው፣ ባለ 3 እና ባለ 4 ሲሊንደር ትንንሽ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እሱ ብቻ ነው። «ሴንሰር 1» ከካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ካለው ጭስ ማጣሪያ) በፊት፣ ለሞተሩ የሚቀርበው ነው። «ሴንሰር 2» ከካታሊስቱ በኋላ፣ ከመኪናው ሆድ ስር። የኔ ጋራዥ የተሳሳተው እዚህች ላይ ነው።

ኮዱ ፒ0171 ከሆነ ቆም በሉ። እሱ «አየር በዝቷል» ነው የሚለው እንጂ «ሴንሰሩ ሞቷል» አይልም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ጭስ ማውጫ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱና አዳምጡ፤ ጭስ የሚያፈስ ከሆነ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፒ0420 ደግሞ ስለ ካታሊስቱ ነው የሚያወራው፣ በሴንሰር መቀየር ብዙም አይጠፋም።

የማሞቂያ ኮድ ከሆነ በቴስተር ማረጋገጥ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ፣ እሱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። ከ4ቱ ገመዶች አንድ አይነት ቀለም ያላቸው 2ቱ የማሞቂያው ናቸው፤ ዴንሶ የሚባለው ፋብሪካ በሰራቸው ብዙዎቹ ላይ ጥቁር፣ ቦሽ በሰራቸው ላይ ነጭ ናቸው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ መሀል ለኩ። ጥቂት ኦም ወይም አስራ ምናምን ካሳየ ማሞቂያው አለ። ጭራሽ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። የኔው ምንም አላሳየም።

እቃ ግዢ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ነው። እኔ ከቤት በተክለሃይማኖት በኩል አድርጌ በእግሬ ሶማሌ ተራ ነው የሄድኩት። ያገለገለ ሴንሰር ይሸጣል፣ ዋጋውም ያጓጓል። አትግዙ። ይህ እቃ እያደር የሚያልቅ ነው፣ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ መኪና የተነቀለ ከሆነ የሌላ ሰው ችግር ነው የምትገዙት። አሮጌውን ሴንሰር ወይም በላዩ የታተመውን ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ሶኬቱ አንድ መሆን አለበት፣ የገመዱ ርዝመት አንድ መሆን አለበት፣ ቁጥሩም እንደዚያው። በተለይ አንዳንድ መኪኖች ላይ የፊተኛው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ሳይሆን ኤር ፉል ሴንሰር የሚባለው ነው። ሲያዩት መንትያ ይመስላል፣ አሰራሩ ግን ሌላ ነው፣ አንዱ ያንዱን ቦታ አይተካም። ካርቶኑ ላይ ዴንሶ ስለተጻፈ ብቻ አትመኑ፤ ጽሑፉ ብረቱ ላይ በደንብ ተቀርጿል ወይስ በጣት ሲታሽ ይለቃል? ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ካልሰራ እንደሚመልሱ ደረሰኙ ላይ አጽፉ።

ገመዱ ተቆርጦ የሚቀጠል «ለሁሉም የሚሆን» ሴንሰርም አለ። ከተቻለ ይቅርባችሁ። ግድ ከሆነ ግን ገመዱን በሊድ አትበይዱ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም አይሆንም፤ ከሴንሰሩ ጋር በሚመጣው ማያያዣ ነው የሚጨመቀው። ምክንያቱም ብዙ ሴንሰሮች የሚያነጻጽሩበትን የውጪ አየር የሚስቡት በገመዱ ውስጥ በክሮቹ መሀል ነው። ከታፈነ ይሳሳታል። ሶኬቱ ውስጥም ግሪስ የማይደረገው ለዚሁ ነው።

መሳሪያው ብዙ አይደለም። የ22 መፍቻ፣ ብረት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ ጓንት፣ የሽቦ ብሩሽ። ጎኑ ተሰንጥቆ ገመድ የሚያሳልፍ የሴንሰር ቡሶላ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው።

ማታውኑ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ሴንሰሩ የተጠመደበት ጥርስ ላይ ስፕሬዩን ንፉና ይደር። ጠዋት ሞተሩን አስነስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ አሙቁት። ለብ ያለ ብረት ይላቀቃል። የጋለ ግን እጅ ይልጣል፣ ጭስ ማውጫ በቀላሉ የሚምር ነገር አይደለም። ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አስደግፉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሞርሴቶ አላቅቁ።

ኋለኛውን የምትቀይሩ ከሆነ መኪናው ስር መግባት አለባችሁ። እባካችሁ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር እንዳትገቡ! ክሪክ ይንሸራተታል። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ አስገቡ፣ ሜዳውም ደልዳላ ይሁን። ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሄዳችሁ ያንን ብቻ አሰሩ።

የፊተኛው ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ በኩል ይታያል፣ አንዳንዴ በላዩ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አለ፣ በ10 ወይም በ12 መፍቻ ይፈታል። የሴንሰሩን ገመድ ተከትላችሁ ሶኬቱን አግኙ፣ ምላሱን ተጭናችሁ ሳቡ። ፕላስቲኩ ከሙቀት ብዛት ይሰባበራልና ቀስ በሉ። ገመዱ በየት በየት እንደሚያልፍ ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ወደ ግራ ፍቱ። ቡሶላ ከሌላችሁ የአሮጌውን ገመድ ቆርጣችሁ ክብ መፍቻ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ ማዕዘኑን አይበላውም። ግን አዲሱ እጃችሁ ላይ ካለ ብቻ ነው የሚቆረጠው። እምቢ ካለ አትታገሉ። ትንሽ ወደማጥበቂያው አዙሩ፣ መልሱ፣ ስፕሬይ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜያለሁ። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ አጠገቤ ቆመው «ቀስ ልጄ፣ ብረት በጉልበት አይሆንም» ይሉኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። በጉልበት ተጎትቶ ጥርሱ ከተበላ ስራው ቶርኖ ቤት ይገባል፣ 18 በ1.5 የሚባለው ጥርስ እንደገና ይወጣለታል።

ሲወጣ የቀዳዳውን ጥርስ በብሩሽ አጽዱ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ። አዲሱን ከካርቶኑ አውጡ፣ ጫፉን በጣት አትንኩ፣ ጥሎ ማንሳት የለም፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ጥርሳቸው ላይ ግራጫ ቅባት ተቀብተው ነው የሚመጡት፣ ሌላ አያስፈልግም። ካልተቀባ ሙቀት የሚችለውን ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ። ሲሊኮን ማሸጊያ ፈጽሞ አይጠጋው፣ ትነቱ ሴንሰሩን ይገድለዋል።

በጣት አስገቡ። ጥቂት ዙር በጣት ብቻ መሄድ አለበት፣ ገና ከመጀመሪያው ከከበደ ጠሟል ማለት ነው፣ አውጥታችሁ እንደገና። ከዚያ በመፍቻ አጥብቁ። ቶርክ መለኪያ ካላችሁ ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ለብዙ መኪኖች ይሆናል። ከሌላችሁ በአንድ እጅ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል፣ በሁለት እጅ አትንጠልጠሉበት። ገመዱን በፎቶው መሰረት መልሱት፣ ጭስ ማውጫውን እንዳይነካ። ሶኬቱ ቀጭ እስኪል ግፉት።

ባትሪውን መልሱ። ሬዲዮው ሰዓቱን ይረሳል፣ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ሊዋዥቅ ይችላል፣ አትደንግጡ። ኮዱን አጥፉና ሦስት አራት ቀን እንደወትሮው ንዱ፣ ከዚያ እንደገና አንብቡ። ማንበቢያው የሴንሰሩን ቮልት በቀጥታ የሚያሳይ ከሆነ ተራው የፊተኛ ሴንሰር ሞተሩ ሞቆ ሳለ ከ0.1 እስከ 0.9 ሽቅብ ቁልቁል ሲል ታያላችሁ። የኋለኛው ግን ካታሊስቱ ደህና ከሆነ ብዙ ሳይዋዥቅ ይቆያል።

አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ጫፉን እዩት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ሞተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው። ዘይት ነክ ሆኖ ከጠቆረ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ቅርፊት ካዘለ የራዲያተሩን ውሃ በየቀኑ ተከታተሉ፣ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምክንያቱ ሳይጠገን አዲሱም አይቆይም። የኔው ጫፍ ፈዛዛ ቡናማ ነበር። ማሞቂያው ብቻ ነው የሞተበት።