ኮድ ሳይመዘገብ ያለ ቦታው የሚሠራ ኤቢኤስ

መኪናዬ በደረቅ አስፋልት ላይ ቀስ ብላ ልትቆም ስትል፣ ፍጥነቷ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ፣ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ግን አልበራም፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነርም የብልሽት ኮድ አላሳየም። ኮድ አለመኖሩ የጎማውን ፍጥነት የሚለካውን ሴንሰር ነጻ አያወጣውም፤ ኮምፒውተሩ የተቆረጠን ሽቦ በቀላሉ ቢለይም፣ ምልክቱ ሲደክም ጎማው የተቆለፈ መስሎት የፍሬኑን ግፊት ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ሌላ ሰው የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት ከስካነሩ እያነበበልኝ በዝግታ ነዳሁ። ሦስቱ 8 ሲያሳዩ የፊት ግራው በድንገት 0 ሆነ። ሴንሰሩ ባለ ማግኔትና ባለ ጥቅል ሽቦ በመሆኑ የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በኦም ለካሁት፤ የግራውም የቀኙም 1,100 ገደማ ነበሩ፤ ማለትም ሽቦው አልተቆረጠም። (ኤሌክትሪክ እየተቀበለ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ግን በዚህ መንገድ አይለካም።) ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ በእጅ ሳሽከረክር፣ ቴስተሩ በኤሲ ቮልት ከግራው ያነበበው ከቀኙ በግማሽ ያንስ ነበር።

ብዙ ጋራዦች እዚህ ላይ «ሴንሰር ይቀየር» ይላሉ፤ እኔ ግን መቸኮል ይመስለኛል። ብሎኑን ፈትቼ ሳወጣው፣ መቀመጫው ላይ የተከመረው ዝገት ሴንሰሩን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ባለ ጥርስ ቀለበት አርቆት አገኘሁ፤ ጫፉም ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ነበር። የቀለበቱ ጥርሶች ያልተሰበሩ፣ ኩሽኔታውም የማይወዛወዝ መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ መልሼ አሰርሁት። አሁን አራቱም ቁጥሮች አብረው ይወርዳሉ፤ ፔዳሉም አይንቀጠቀጥም።