ማንዳውያን ጥምቀት ላይ ከጠሯችሁ

ስዊድን ያለ ማንዳዊ የሥራ ባልደረባችሁ «እሁድ ጥምቀት አለን፣ ኑ» ካላችሁ ጃንሜዳን አታስቡ። ታቦት የለም፣ ከበሮ የለም፣ ሎሚም አትያዙ።

መጀመሪያ «ያው እኛም ዮሐንስን እናከብራለን፣ አንድ ነን» የምትለዋን ተዋት። ማንዳውያን መጥምቁ ዮሐንስን በጣም ያከብራሉ እንጂ ክርስቲያን አይደሉም፣ ሙስሊምም አይደሉም። የራሳቸው ሃይማኖትና ቅዱስ መጽሐፍ አላቸው፣ መጽሐፉ ጊንዛ ራባ ይባላል። አገራቸው ደቡብ ኢራቅና የኢራኑ ኩዜስታን ነው፤ በ2003 (በፈረንጆቹ) ኢራቅ ስትታመስ እየተገደሉና እየተዘረፉ፣ በተለይ ብዙዎቹ ወርቅ ሠሪ ስለነበሩ፣ በየአገሩ ተበተኑ። ስዊድን ብዙዎቹን ተቀብላለች። ሉንድ አጠገብ ዳልቢ በምትባል ትንሽ ከተማ «ማንዲ» የሚሉት ቤተ መቅደስ አላቸው።

አለባበስ ላይ እናንተ አትጨነቁ፣ ብቻ ሞቅ ያለ ልበሱ፣ ቦቲ ካላችሁ ደግሞ አድርጉ። ጭቃ አለ፣ ሥርዓቱም ረጅም ነው። እነሱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ይለብሳሉ። ልብሱ «ራስታ» ይባላል (የሻሸመኔዎቹ አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሳቅ አምልጦኛል)።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ራስታ የለበሰን ሰው አትንኩ። እኛ ሰው ስናይ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ መሳም ይቀናናል፣ እዚያ ግን የምታውቁት ሰው እንኳ ቢሆን እጃችሁን አትዘርጉ፣ ንጽሕናው ይፈርስበትና ከእንደገና ሊጀምር ይችላል። ልብሱን እስኪቀይር ጠብቁ። እናንተ ዳር ላይ ቆማችሁ እዩ። ካህኑ ሰውየውን ወራጅ ውኃ ውስጥ ሦስቴ ያጠምቀዋል፣ ራሱ ላይ የአደስ ቅጠል አክሊል ያደርግለታል፣ ቀኝ እጁንም ይጨብጠዋል። ይህ መጨባበጥ «ኩሽታ» ነው፣ እውነት ማለት ነው። በኋላ ካህኑ የሚያድለው ቂጣና ውኃ የእናንተ አይደለም፣ አትጠይቁ። የእኛን ጥምቀት አንዴ ብቻ ነው ብለን ስለምናውቅ ግራ ሊገባችሁ ይችላል፤ እነሱ ደጋግመው ይጠመቃሉ።

ፎቶ? ጠይቁ። «እኔስ ሃይማኖታችሁ ውስጥ መግባት እችላለሁ?» ግን አትበሉ፣ ሰው ከማንዳዊ ቤተሰብ ካልተወለደ አይገባም። ልጆቹ ማንን እንደሚያገቡም አታንሱ። ከውጭ ማግባት ሥርዓቱ አይፈቅድም፣ በተበታተነ ሕዝብ መሃል ደግሞ እንደ እነሱ የሆነ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ ወሬ ሻይ ላይ ከተነሳ ሻዩ ይቀዘቅዛል።