የካምፕ ምድጃን ከሚሞላ የፕሮፔን ሲሊንደር ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋዝ ይዘው ሲያልቁ የሚጣሉትን ትንንሽ ሲሊንደሮች መግዛት የሰለቸው ሰው እየተሞላ ወደሚያገለግለው ባለ 9 ኪሎ ሲሊንደር ቢዞር አይፈረድበትም። ባለ 3 ኪሎዋት በርነር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ በሰዓት 230 ግራም ገደማ ያነዳል፤ ስለዚህ 9 ኪሎ ጋዝ ለአንድ በርነር ወደ 40 ሰዓት ይጠጋል። ጣጣው ያለው ማገናኛው ላይ ነው። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ ከሲሊንደሩ እስከ እሳቱ ድረስ ስንት ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንስ ዕቃ) አለ? አንድ መሆን አለበት። ሁለት ከሆነ እሳቱ አይረባም፤ ምንም ከሌለ ደግሞ አደጋ ነው።

ሬጉሌተር ላይ ሬጉሌተር መደረብ

ለትንሿ ሲሊንደር የተሠራ ባለ ሁለት በርነር ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሬጉሌተር አለው። ከምድጃው ጎን የሚሰካውን የብረት ቧንቧ ይመልከቱ፤ ትንሿ ሲሊንደር የምትታሰርበት ጫፍ ላይ ያለው ወፈር ያለ ክፍል እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ለቤት ምድጃ ወይም ለግሪል የሚሸጠውን ባለ ሬጉሌተር ጎማ ገዝቶ ይመጣል። ያ ሬጉሌተር ግፊቱን ወደ 30 ሚሊባር አካባቢ ያወርደዋል። የምድጃው ሬጉሌተር ግን የሲሊንደሩ ሙሉ ግፊት እንዲደርሰው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በዚህች ግፊት የሚያሳልፈው ጋዝ እዚህ ግባ አይባልም። እሳቱ ይለኮሳል፣ ሰማያዊም ነው፣ ውሃ ግን አያፈላም። ከዚያ ባለቤቱ ምድጃው ተደፍኗል ብሎ የጋዙን ቀዳዳ በመርፌ ይጎረጉራል፤ ደህናውን ምድጃ የሚያበላሸውም ያኔ ነው።

የሚያስፈልገው ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ፣ ሬጉሌተር የሌለው የጋዝ ጎማ ነው፦ አንዱ ጫፉ ከትልቁ ሲሊንደር ቫልቭ ጋር የሚገጥም፣ ሌላው ጫፉ ከትንሿ ሲሊንደር አፍ ጋር ተመሳሳይ ጥርስ ያለው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ቢሆን ሲሊንደሩን ከእሳቱ ለማራቅ ይበቃል። ተራ የውሃ ወይም የአየር ጎማ አይሆንም፤ ፕሮፔን ላስቲኩን ይበላዋል።

ያለ ሬጉሌተር ማገናኘት

ይህ የከፋው ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ የፕሮፔን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት 7 ባር ገደማ ነው፤ 40 ዲግሪ ላይ ከ12 ባር ያልፋል። ለ30 ሚሊባር የተሠራ ምድጃ ከ200 እጥፍ በላይ ግፊት ገባበት ማለት ነው። ነበልባሉ ከበርነሩ ይዘላል፣ ጎማውም ከተሰካበት ሊወረወር ይችላል። ምድጃው ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ በሚሊባር የተጻፈ ቁጥር ካለውና የራሱ ሬጉሌተር ከሌለው፣ ያንኑ ቁጥር የሚሰጥ ሬጉሌተር ሲሊንደሩ ላይ ያስሩ።

የተጓዦቹ ትንንሽ በርነሮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በቀጥታ ስስ የጋዝ ቆርቆሮ ላይ የሚታሰሩት እነዚህ ምድጃዎች ለአይሶቡቴንና ፕሮፔን ድብልቅ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሬጉሌተር የላቸውም። ከንጹሕ ፕሮፔን ጋር አያገናኟቸው። ስሱን ቆርቆሮ ከትልቁ ሲሊንደር መሙላት ደግሞ በፍጹም አይሞከርም፤ የፕሮፔንን ግፊት እንዲችል አልተሠራም።

ጥርሱ እምቢ ሲል በመፍቻ ማስገደድ

አንዳንድ የሲሊንደር ቫልቮች ግራ ጥርስ ናቸው፤ የሚጠብቁት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞሩ ነው። የነሐስ ዳዶው ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ ጭረት ካዩ ምልክቱ ያ ነው። በእጅ የሚዞረው ትልቁ የፕላስቲክ ዳዶ ግን ቀኝ ጥርስ ነው፤ በእጅ ብቻ ይጥበቅ፣ መፍቻ ይሰነጥቀዋል። የትኛውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ያለ ችግር በጣት መግባት አለበት። ካልገባ ወይ ተንጋዷል፣ ወይ የዚያ ቫልቭ አይደለም።

ቴፍሎን መጠቅለልም እዚህ ቦታ የለውም። ጋዙን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት ወይም የብረቱ ሾጣጣ ነው። ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠፋ አሥር ዙር ቴፍሎን አያድንም።

ቫልቩን በአንድ ጊዜ መበርገድ

ብዙ ማገናኛዎችና ቫልቮች ጎማ ቢበጠስ ጋዙን የሚገታ ፍሰት ገዳቢ አላቸው። ባዶ ጎማ ላይ ቫልቩን በድንገት ሲከፍቱት ጋዙ በኃይል ይሮጣል፤ ገዳቢው ጎማ የተበጠሰ መስሎት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ጭላንጭል ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ የሲሊንደሩንም የምድጃውንም ቫልቭ ይዝጉ፣ ጎማውን ከሲሊንደሩ ፈትተው መልሰው ያስሩ፣ ከዚያ የምድጃው ቁልፍ እንደተዘጋ የሲሊንደሩን በጣም በዝግታ ይክፈቱ። ጎማው እስኪሞላ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። ክብሪቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በማሽተት ብቻ ወይም በክብሪት መፈተሽ

ክብሪቱ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አፍንጫም ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው፣ የምድጃው ቁልፍ ተዘግቶ የሲሊንደሩ እንደተከፈተ፣ በየመጋጠሚያው በብሩሽ ይቀቡ። የቫልቩን እጀታ ሥርም አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ቀስ እያለ የሚያብጥ አረፋ ካዩ ዘግተው፣ ፈትተው፣ ቀለበቱን አይተው እንደገና ያስሩ።

ሲሊንደሩን ማጋደም

ሲሊንደር ሲተኛ በተን ፈንታ ፈሳሹ ፕሮፔን ወደ ጎማው ይገባል። ፈሳሹ ወደ ተን ሲለወጥ 270 እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ምድጃው የሚተፋው የእሳት ጅራት ነው። በመኪናም ሲጓጓዝ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አፉ ይደፈን። ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ ስለሚከብድ ቢያፈስ አይበተንም፤ ጉድጓድና የመኪና ወለል ላይ ይተኛል። ድንኳን ውስጥ ምድጃ ማንደድ ደግሞ ባያፈስም ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ምድጃውን ብቻ መዝጋት

ምግብ ሲያልቅ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ። ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ እሳቱ በራሱ ሲጠፋ የምድጃውን ይዝጉ። ጎማውን በመጨረሻ ሲፈቱ ከማገናኛው የምትወጣው ትንሽ ትንፋሽ ያስደነግጣል፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከቀጠለች ግን የሲሊንደሩ ቫልቭ አልተዘጋም።